መረዳዳት ሥርዓት ሲይዝ፦ ከእስቴ የተነሣው ጥያቄና የአውራ አምባ መልስ

የአንድ ኅብረተሰብ የዕድገት ደረጃ የሚለካው ጉልበት ያለው ሰው በሚያመርተው ምርት መጠን ብቻ አይደለም። ጉልበቱ ያለቀ፣ ዐይኑ የፈዘዘ፣ በሕመም ከአልጋ የዋለ ሰው በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ምን ቦታ አለው? የሚለው ጥያቄም የኅብረተሰቡን ባሕርይ ከምርቱ ባላነሰ ሁኔታ ይገልጣል። ጥያቄው የምጽዋት ጥያቄ አይደለም፤ የምርት ግንኙነት ጥያቄ ነው። የሠሩት እጆች ሲዝሉ የሥራው ፍሬ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው የግለሰቦች ደግነት ሳይሆን ሰዎች በጋራ የሚያቆሙት ሥርዓት በመሆኑ ነው።

ይህን ጥያቄ በመጻሕፍት ሳይሆን በገበሬ ጓዳ ውስጥ አግኝተው መልሱን በተግባር ለመፈተን ከተነሡት ኢትዮጵያውያን መካከል የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አባላት በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። መንደራቸው የሚገኘው በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት ከሚዘልቀው መንገድ እምብዛም ሳይርቅ ነው። የሐሳቡ ምንጭ ግን ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ በእስቴ ደጋ ነው። ስለሆነም የአውራ አምባን ታሪክ በትክክል ለመረዳት ከእስቴና ከጎረቤቶቿ ከጋይንትና ከስማዳ ነባር ኑሮ መነሣት ያስፈልጋል።

ደቦና ወንፈል፦ ኃይላቸውና ድንበራቸው

ከጉና ተራራ ትከሻ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርደው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ገበሬ ብቻውን ሊቋቋመው የሚችል ምድር አይደለም። ተዳፋቱ አፈሩን በየክረምቱ ያጣል፤ ዝናቡ አንዳንድ ዘመን ፈጥኖ ይቋረጣል፤ ማሳው ጠባብ ነው። በመሆኑም የአካባቢው ገበሬ ጉልበቱን ከጎረቤቱ ጉልበት ጋር ማቀናጀትን ከጥንት ጀምሮ ተምሯል። አጨዳው ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ባለማሳው ጠላና እህል አዘጋጅቶ መንደሩ በአንድ ቀን ማሳውን ያነሣለታል። በወንፈል ደግሞ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ እየተባለ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከአንድ በሬ ጌታ ጋር በመቀናጆ ጥማድ ይሠራል። ሞት ሲመጣ እድሩ ወይም ቅሬው ይቆማል።

በዚያው አካባቢ ከዚህም የጠለቀ የጋራ ተቋም አለ። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርባት ስመ ጥር ጉባኤ ቤት ናት። ከየአገሩ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ በባህላዊው የጉባኤ ቤት ሥርዓት መሠረት ጎጆውን በራሱ እጅ ይቀልሳል፤ ከመንደሩ በሚለምነው ቁራሽ ይኖራል፤ የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል። የመንግሥት በጀት ሳይቆረጥለት ይህን ያህል ዘመን የዘለቀ ትምህርት ቤት ምሥጢሩ ምንድን ነው? ምሥጢሩ ማን ማንን እንደሚያስተምር፣ ማን ማንን እንደሚመግብ የተወሰነ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ነባሩን መረዳዳት በባዶ ውዳሴ ማለፍ የታሪክን ግማሽ ገጽ ብቻ ማንበብ ይሆናል። ወንፈል ብድር ነው፤ ብድሩን የማይመልስ ሰው ወደ ወንፈሉ አይገባም። ደቦ ለመጥራት ጠላ የሚጠመቅበት እህል ያስፈልጋል፤ እህል የሌላት መበለት ደቦ አትጠራም። እድር ለሙት ይቆማል እንጂ ለሚራብ ሕያው ሽማግሌ የተቋቋመ አይደለም። በባላባታዊው ሥርዓት ዘመን ደግሞ የርስትና የጉልት ግንኙነት በመረዳዳቱ ላይ ተጭኖ ነበር። ርስት የማይደርሰው ወገን፣ በተለይም አብዛኛው እስላም፣ በሸማና በንግድ እንዲተዳደር ተገድዶ ነበር፤ በዚሁ ሙያውም «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይናቅ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴቲቱ ከባሏ ጋር በማሳ ስትደክም ውላ ማታ ወፍጮው፣ ምጣዱና ልጁ ብቻዋን ይጠብቋታል። በደቦውም ሆነ በወንፈሉ ይህ ሸክም እንደ ሥራ ተቆጥሮ አያውቅም። ነባሩ መረዳዳት እኩያን እኩያን የሚረዱበት ነበር፤ እኩልነት ራሱ ግን ገና አልተወለደም ነበር።

የአንድ ገበሬ ልጅ ጥያቄ

ዙምራ ኑሩ በ1939 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት በዚሁ በእስቴ ምድር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። መደበኛ ትምህርት ቤት አልገቡም። የንቃታቸው መነሻ የእናታቸው ኑሮ እንደ ነበረ በተደጋጋሚ ተናግረዋል። እናትና አባት አብረው ከማሳ ሲመለሱ አባት ያርፋሉ፤ እናት ግን ሌላውን የሥራ ቀን እንደ ገና ይጀምራሉ። ሥራው ዘግይቶ ከተገኘ ቁጣና ዱላ ይከተላል። ሴት የወንድ ያህል ጉልበት ከሌላት ለምን ሁለት እጥፍ ሥራ ይሰጣታል? ሰው የሚጦረው ያጣ ሽማግሌ በደጁ እያለ ስለ መልካም ሥራ መናገር ምን ዋጋ አለው? እነዚህ ጥያቄዎች በቤተሰቡ ዘንድ የእብደት ምልክት ሆነው ተቆጠሩ።

ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ከቤት ወጥተው በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ እየተዘዋወሩ ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ሰው ፈለጉ። ተመልሰው ገበሬ ከሆኑ በኋላም በበጋ ወራት መዞራቸውን አልተዉም። በዚህ አኳኋን በፎገራ፣ ዛሬ አውራ አምባ በምትባለው ስፍራ፣ ሐሳባቸውን የሚቀበሉ ገበሬዎች አገኙ። በ1964 ዓ.ም. ሃያ ያህል ሰዎች በአንድነት ለመኖርና ለመሥራት ተስማሙ። ልብ ሊባል የሚገባው ዘመኑ ነው። የዘውዱ ሥርዓት ገና አልወደቀም፤ የመሬት አዋጁ አልታወጀም፤ ስለ ኅብረት እርሻ የሚሰብክ ካድሬ ወደ አካባቢው አልደረሰም። ሐሳቡ ከላይ የወረደ መመሪያ ሳይሆን ከታች የፈለቀ ነበር።

ሥራው እንዴት ይመራል?

የአውራ አምባን ልምድ ከብዙ መልካም ምኞቶች የሚለየው ምኞቱ በአሠራር የተደገፈ መሆኑ ነው። አሠራሩ በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የመጀመሪያው ምሰሶ የተቆረጠ ቀን ነው። የማኅበረሰቡ አባላት በሳምንት አንድ ቀን የሚሠሩት ለራሳቸው አይደለም። የዚያ ቀን ገቢ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማን፣ ወላጅ ላጡ ሕፃናትና ለድንገተኛ ችግር ይውላል። ጦሪ የሌላቸው አረጋውያን በመንደሩ በተሠራላቸው መጦሪያ ይኖራሉ፤ ምግባቸው፣ ልብሳቸውና አስታማሚያቸው ከዚሁ የጋራ ገቢና ከአባላቱ የፈቃድ አገልግሎት የሚገኝ ነው። አዛውንቱ የሚበሉት የጎረቤት ምጽዋት ሳይሆን ድርሻቸውን ነው። ትናንት ለሌሎች ሠርተዋል፤ ዛሬ ሌሎች ይሠሩላቸዋል፤ ዛሬ የሚሠራውም ነገ ይሠራለታል። በወንፈል ብድሩ የሚመለሰው ከወቅት ወደ ወቅት ሲሆን፣ በአውራ አምባ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል።

ሁለተኛው ምሰሶ የተመረጠና የሚጠየቅ ኮሚቴ ነው። ልማቱን፣ ትምህርቱን፣ ጤናና ንጽሕናውን፣ የአረጋውያንና የሕሙማን እንክብካቤውን፣ የእንግዳ አቀባበሉን፣ የሥራ ምደባውን፣ የጠፋ ንብረት ጥበቃውን፣ አቤቱታ መስማቱንና የመተዳደሪያ ደንብ ዝግጅቱን የሚመሩ ኮሚቴዎች አሉ። አባላቱን የሚመርጠው ማኅበረሰቡ ነው፤ ሲያጠፉም የሚያወርዳቸው እርሱ ነው። ሴቶች በኮሚቴዎቹ ውስጥ የሚቀመጡት ለጌጥ ሳይሆን በውሳኔ ሰጪነት ነው። አገልግሎቱ ሹመት ሳይሆን ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ ለሥልጣን የሚሻማበት ሰው አይበዛም።

ሦስተኛው ምሰሶ ፈቃደኝነት ነው። በማኅበረሰቡ ውስጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ የማኅበሩ አባላት በአንድነት ሠርተው የዓመቱን ትርፍ እኩል ይከፋፈላሉ። ነገር ግን የማኅበረሰቡ አባል ሁሉ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባል የመሆን ግዴታ የለበትም። የጋራ እሴቶቹን ተቀብሎ ኑሮውን በግሉ የሚመራም አለ። የሚገባ በፈቃዱ ይገባል፤ የሚወጣም በፈቃዱ ይወጣል።

በእነዚህ ምሰሶዎች ላይ የዕለት ኑሮው ተዋቅሯል። የሥራ ምደባ በጾታ ሳይሆን በችሎታ ነው፤ ሴቲቱ ሞፈር ትጨብጣለች፣ ወንዱ እንዝርት ያሾራል፣ እንጀራ ይጋግራል። ቤተሰቦች በየጊዜው ተሰብስበው ሕፃናት ጭምር ወላጆቻቸውን ይሂሳሉ። ሴት ከ19፣ ወንድ ከ22 ዓመት በታች ጋብቻ አይፈጽሙም፤ ያለዕድሜ ጋብቻ ሥር በሰደደበት አካባቢ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ለሠርግና ለተዝካር ጎተራ አይራቆትም። ሕፃናት ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ማኅበረሰቡ ራሱ ባቋቋመው ቤት ፊደል ይቆጥራሉ፤ አስተማሪዎቻቸው ቀደም ብለው የተማሩ የመንደሩ ልጆች ናቸው። መደበኛ ትምህርት ያላገኙ ሰዎች የመሠረቱት መንደር የንባብ ቤት አቁሞ ልጆቹን እስከ ዩኒቨርሲቲ አድርሷል። በቤተልሔም ጉባኤ ቤት የበሰለው ጀማሪውን እንደሚያስቀጽለው ሁሉ፣ እዚህም ያወቀ ላላወቀው ማካፈሉ እንደ ዕዳ ይቆጠራል። ልዩነቱ እዚህ ለሴት ልጅም በሩ ክፍት መሆኑ ነው።

የፈተናው ዘመን

አዲስ ሐሳብ ሁሉ አሮጌውን ልማድ ሳይነካ አይወለድም። አውራ አምባዎች አንድ ፈጣሪን እናምናለን ይላሉ፤ ይሁን እንጂ የእምነት ተቋም የላቸውም፤ በዓል ብለውም ሥራ አያቋርጡም። ይህና የሴትና የወንድ እኩልነታቸው ከአጎራባች መንደሮች ጥርጣሬንና ጥላቻን አመጣባቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ጎረቤቶቻቸውም ክፉዎች ስለነበሩ አይደለም። ቅሬውን፣ ማኅበሩንና ዝክሩን የኑሮው ዋስትና ያደረገ ገበሬ እነዚህን የሚተው ሰው ዋስትናውን ያፈረሰበት ይመስለዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለዘመናት የዘለቀውን የመሬት ሥሪት ገረሰሰ። የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሦስት ደረጃ የሚያድጉበት መመሪያ ወጣ። በመርሕ ደረጃ ሲታይ ከአውራ አምባ የተሻለ አጋር ለዚህ ፖሊሲ ሊገኝ ባልቻለም ነበር። ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። አካባቢው በእርስ በርስ ጦርነት በታመሰበት ወቅት አውራ አምባዎች በጎረቤቶቻቸው ተወነጀሉ፤ ሕይወታቸውም አደጋ ላይ ወደቀ። በ1981 ዓ.ም. ገደማ ቀዬአቸውን ጥለው እስከ ደቡብ ምዕራብ፣ እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ኅብረትን የሚሰብክ መንግሥት በአገሩ የነበረውን በፈቃድ የቆመ ኅብረት ሳይጠብቀው ቀረ።

እዚህ ላይ ሁለት ክንውኖችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ባወጀ ጊዜ ገበሬው ከአምራቾች ማኅበራት የመውጣት መብት አገኘ። በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ፤ በሬውና ማሳው ተከፋፈለ። በዚያው ዘመን አውራ አምባዎች መሬት አልነበራቸውም፤ በሬ አልነበራቸውም፤ የሚያስገድዳቸውም አልነበረም። ሆኖም በ1985 ዓ.ም. ተሰብስበው ወደ መንደራቸው ተመለሱ። አንደኛው ኅብረት ሀብት እያለው ተበተነ፤ ሁለተኛው ሀብቱን አጥቶ ጸና። ለምን? መሬትና ትራክተር የኅብረትን ሥጋ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ነፍሱ ግን ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚገባው ቃል ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው ያለነገር አይደለም።

ከሞፈር ወደ ሸማ

ተመላሾቹ የጠበቃቸው ማሳ ሙሉው አልነበረም፤ አብዛኛው በሌሎች እጅ ገብቶ ነበር። የቀራቸው 17.5 ሄክታር ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት የማኅበረሰቡ ቁጥር ከአራት መቶ በላይ ደርሶ ስለነበረ ይህ መሬት በምንም ስሌት ሊመግበው አይችልም ነበር። አማራጩ ሁለት ነበር፤ መበተን ወይም የምርቱን መሠረት መለወጥ። ሁለተኛውን መረጡ። ወንዱም ሴቱም ወደ ድርና ማጉ ገባ፤ ከባህላዊው መሸመኛ ወደ ተሻሻለው ተሸጋገሩ፤ ወፍጮ ተከሉ፤ ሱቅና የእንግዳ ማረፊያ ከፈቱ። በዚያው ምድር «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ የተናቀው ሙያ የአንድ ማኅበረሰብ መዳኛ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂልም ቃል በቃል ታየ።

የዓለም ታሪክም ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ምሳሌ አያጣም። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች የጨርቃ ጨርቅ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1844 ሸማኔዎች የሚገኙባቸው 28 ሠራተኞች ትንሽ ሱቅ በጋራ ከፈቱ። በፈቃድ መግባትን፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅንና ለትምህርት ድርሻ መመደብን ደንባቸው አደረጉ፤ ደንባቸውም ለዓለም የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ መሠረት ሆነ። በተቃራኒው የታንዛኒያን ታሪክ እንመልከት። በደቡባዊው የሩቩማ አውራጃ ገበሬዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በገዛ ፈቃዳቸው በጋራ የሚያርሱባቸውንና የራሳቸውን ትምህርት ቤት የሚመሩባቸውን መንደሮች መሥርተው ነበር። ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ኡጃማ ለሚሉት ፖሊሲ ሕያው ምሳሌ ነበሩ። ነገር ግን ገዥው ፓርቲ ታኑ እ.ኤ.አ. በ1969 ማኅበራቸውን አፈረሰው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሊዮኖች በግዴታ ወደ መንደር ሲሰበሰቡ የሩቩማ መንፈስ ከዚያ አልተገኘም። በፈቃድ የበቀለውን ነቅሎ በትእዛዝ መትከል ፍሬ እንደማይሰጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ያልተፈቱ ተቃርኖዎች

አውራ አምባን እንደ ገነት መሳል ለእርሷም ለአንባቢም አይበጅም። መንደሯ የራሷ ተቃርኖዎች አሏት። አንደኛ፣ ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ከአንድ መሥራች ስምና ቃል ጋር ተሳስሮ ኖሯል። መሥራቹ የሚከበሩት ያለ አግባብ አይደለም፤ ነገር ግን የአንድ ተቋም ብስለት የሚፈተነው ከመሥራቹ በኋላ በሚመጣው ትውልድ ነው። ሁለተኛ፣ የእጅ ሸማ ከፋብሪካ ጨርቅ ጋር በገበያ ይጋፋል። ሦስተኛ፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ሰላምን ይሻል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ዓይነቱ ችግር መንገድ ሲዘጋ የእንግዳ ማረፊያ ባዶውን ያድራል። አራተኛ፣ ትምህርት ራሱ ተቃርኖ ይወልዳል። መንደሩ አስተምሮ የላከው ወጣት በከተማ ደመወዝ ሲያገኝ ያ የሳምንቱ አንድ ቀን በምን ይተካል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱት ራሳቸው አባላቱ ናቸው፤ ከውጭ የሚሰነዘር ትእዛዝም ሆነ ጭብጨባ አይመልሳቸውም።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ምን ይተርፋል?

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ደጋ እንመለስ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲሠራ ቆይቷል። በፕሮግራሙ መሥራት የሚችለው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ እህል ወይም ገንዘብ ሲቀበል፣ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ ተደርጓል። በዚህም ብዙ ሕይወት ተርፏል። ሆኖም አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት፤ ክፍያው በቆመ ማግሥት እርከኑን የሚጠግነው ማን ነው? ሽማግሌውንስ የሚያስታውሰው ማን ነው?

መልሱ የአውራ አምባን መንደር እንዳለ ገልብጦ መውሰድ አይደለም። የጋይንት ገበሬ ዝክሩንና በዓሉን እንዲተው፣ የስማዳ ባለርስት ማሳውን እንዲደባልቅ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠየቅም የ1970ዎቹ ስሕተት መድገም ይሆናል። የሚወሰደው አሠራሩ ነው። ደቦው አለ፤ ለማይመልሰው ሰው የሚውል አንድ ቀን ብቻ ይቆረጥለት። እድሩ አለ፤ ለሙት ከሚሰበስበው መዋጮ ለሕያው አዛውንት የሚሆን ድርሻ ብቻ ይመደብለት፤ ሒሳቡም በአደባባይ ይነበብ። የተማረ ወጣት አለ፤ ታናናሾቹን የሚያስነብብበት አንድ ቤት ብቻ ይከፈትለት። ኮሚቴው ውስጥ ሁለት እጥፍ የምትደክመዋ እናት ትቀመጥ። ከሁሉ በላይ የሚገባ በፈቃዱ ይግባ።

ከእስቴ ጓዳ የተነሣው ጥያቄ ዛሬም በእያንዳንዱ ደጅ ቆሟል። ማታ ከማሳ የተመለሰችው ሴት ገና አላረፈችም፤ ጦሪ ያጣው ሽማግሌም ገና ከደጅ አልገባም። ደግነት በሕዝባችን ዘንድ አልጠፋም፤ የጎደለው ደግነቱ የሚያርፍበት ቀን፣ የሚመዘገብበት መዝገብና የሚጠየቅለት ሰው ነው። አውራ አምባ ይህን በሳምንት በአንድ ቀን ጀመረች። የእያንዳንዱ መንደር የመጀመሪያ ሥራም ያን ቀን መቁረጥ ነው።